በስዕሉ ላይ ያልነበረችው እናት

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም፣ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እሰፋ ነበር። የሚያዝያ ፀሐይ ነው። ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ይላል፤ የጎረቤቴ ፍየሎች ከግድግዳው ጥላ አንላቀቅም ብለው ተለጥፈዋል። ክር ልበጥስ ቀና ስል ዓይኔ ወደ ተራራው ሄደ። በደንገጎ በኩል፣ ተራራው ትከሻ ላይ፣ ጥቁር ነገር ተቀምጧል። ብዙ አይደለም፤ ከሩቅ ሲያዩት አውራ ጣት የሚሸፍነው ያህል ነው። ከራሴ በላይ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። እዚያ ግን ጠቁሯል።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀጥ አለ።

ልጄ ሰናይት የምትማረው ከዚራ ሰፈር ነው። ቤታችን መጋላ ሰፈር ነው። በመካከሉ ደቻቱ አለ። አገራችንን ድሬዳዋን ለማያውቅ ልንገር፤ ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰፊ፣ ነጭ አሸዋ። ገበያ ይቆምበታል፣ ግመል ይተኛበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ግን፣ ያ አሸዋ በደቂቃ ውስጥ ጥቁር ውሃ ይሆናል፤ ግንድ ይዞ፣ በግ ይዞ፣ አንዳንዴም ሰው ይዞ ይወርዳል። ድልድይ አለ። ልጆቹ ግን ድልድዩ ያዞራል እያሉ በአሸዋው ያቋርጣሉ። ሰናይት የምትወጣው በዚያ ሰዓት ነበር።

ቀሚሱን መሬት ጥዬ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ፣ ሮጥኩ። ስሮጥ አፌ ላይ የመጣው ጸሎት አልነበረም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዘፈን ነበር። የራሴ ዘፈን። አንድ ጊዜ ተወዳድሬበት የተሸነፍኩበት። የዚያን ዘፈን ነገር ላውራና ወደ ልጄ እመለሳለሁ፤ ያለ እሱ የማክሰኞው ነገር አይገባም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ጣልያን ከወጣ ብዙ አልቆየም ነበር። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ የባቡሩን ሐዲድ ሲጠግን ወባ ገደለብን፤ እኔም ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጀምር ከእናቴ ጋር ቡና ለቀማ ገባሁ። መጋዘኑ የአንድ ግሪክ ነጋዴ ነበር፤ «ሙሴ» ነበር የምንለው፣ ያኔ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። ስድሳ ሴቶች ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን፣ ቡናው በየፊታችን ተቆልሎ፣ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ትል የበላውን ወዲህ፣ ደህናውን ወዲያ እናደርጋለን። መስኮቱ ትንሽ ነው። የገለባው አቧራ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እኔ ወጣት ነኝ፤ እተፋዋለሁ። እናቴን ግን ደረቷን ያዛት። ማታ ስታስል ግድግዳው የሚያስል ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ አቧራ ካልወጣች ሌላ ክረምት እንደማትደግም እኔም አውቄዋለሁ፣ እሷም ታውቀዋለች፣ አናወራውም።

ያም ሆኖ መጋዘኑ ውስጥ ጨዋታ ነበር። አንዷ ግጥም ትጥላለች፣ አጠገቧ ያለችው ትቀበላለች። ተቀባይዋ አሥር ጥቁር ቡና ለቅማ እስክትጨርስ ድረስ ቤት ካልመታች፣ ማታ የሁላችንን ገለባ የምትጠርገው እሷ ናት። በአማርኛ የጣልኩትን ጓደኛዬ ሀሊማ በሶማሊኛ ትመልሰዋለች፤ ቀጥላ ያለችው በኦሮምኛ ታነሳዋለች፤ እሷ ያቃታትን ደግሞ አደሬዋ በሐረሪ ቋንቋዋ ትጨርሰዋለች። ቤት ይመታል፣ ወላሂ ይመታል! የማን ግጥም ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማታ ከገለባው ጋር ይጠረጋል።

ሀሊማ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የምትቀመጠው። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አንድ የወርቅ ጥርስ ነበራት፤ ስትስቅ ለዚያ ጥርስ ብላ የምትስቅ ይመስል ነበር።

አንድ ጧት ካቦአችን፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ጋሽ ግዛው ወረቀት ይዞ መጣ። ከዚራ ባለ አንድ ክበብ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሰዓሊ ስለ ድሬዳዋ ስምንት ስዕል ሰቅሏል። ክበቡ ደግሞ ውድድር አዘጋጅቷል። ከየሥራ ቦታው አንድ አንድ ሰው ይሄዳል፣ ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰውን ስዕል አይቶ ዘፈን ይደርስበታል፤ በሳምንቱ ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ይዘፍነዋል። አንደኛ ለወጣ በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና።

«ከእናንተ መካከል አፍ ያላት ማናት?» አለ ጋሽ ግዛው።

«ተዋቡ!» ስድሳ ጣት ወደ እኔ ተቀሰረ። የሀሊማ ጣት እንዲያውም ጎኔን ወጋኝ።

እናቴ አላስቸገረችኝም፤ ቡናዋን መልቀሟን ቀጠለች። እኔ ግን የስፌት መኪና የሚለውን ስሰማ ሌላ ነገር መስማት አቆምኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ መስፋት። ንጹህ አየር። እናቴ ቁልፍ ስትተክል። እንደማሸንፍ አልተጠራጠርኩም። ሰው ትዕቢት ይበለው፤ ግጥም ስጥል ወድቆብኝ አያውቅም።

በዕጣው አራት ቁጥር ደረሰኝ። የአዳራሹ ጠባቂ ስዕሉ ፊት አቆመኝ። ሰው የሳለው ስዕል ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደቻቱ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ። ነጩ አሸዋ ያበራል። አንዲት ወፍራም ሴት ሽንኩርት ደርድራለች። እንጨት የጫነ ግመል አለ፣ ባለቤቱ ተደግፎት ቆሟል። ቀይ ሻሽ ያሰረች ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብላ አሸዋ ላይ ትጫወታለች። ዳር ላይ ማንም ያልተቀመጠበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ሰማዩ እንደ ሰማያችን ነው። ሳቅኩ፤ ሙቀቱ ሁሉ የሚሰማኝ መሰለኝ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ላይ ሄደ፣ እንደ ልማዱ። እኛ እዚህ ያደግን ሰዎች አሸዋው ላይ ስንቆም ተራራ ሳናይ አንቆምም። በደንገጎ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ አንዲት ግራጫ ነገር። ወደ ስዕሉ ተጠጋሁ።

«እነዚህ ሰዎች አላዩም እንዴ?» አልኩት ጠባቂውን።

«የቶቹ ሰዎች?»

«እነዚህ! ውሃ እየመጣባቸው ነው እኮ።»

ጠባቂው ስዕሉን አየ፣ እኔን አየ። «እህቴ፣ ፀሐይ መታሽ መሰለኝ» አለና ውሃ አመጣልኝ።

በማግስቱ ለሀሊማ ነገርኳት። መልቀሟን ሳታቆም ነበር የምትሰማኝ።

«ጠቁሯል ነው ያልሽኝ? በየት በኩል?»

«በደንገጎ በኩል።»

እጇን ከቡናው አነሳች። «ናያ፣ አንቺ፣ ታዲያ የምን ዘፈን ነው የምታስቢው? ውጡ በያቸው!»

እንግዲህ ዘፈኑ እንዲህ ተጀመረ። እኔ ጣልኩ፣ ሀሊማ ተቀበለች፣ ከኋላ ያሉት አሟሉ። ስዕሉ ላይ ያለውን ሰው አንድ በአንድ እየጠራን ማስወጣት ነው። ሽንኩርት ሻጯን፦

ባለ ሽንኩርት እቴ፣ ምን ያስቀምጥሻል፣
ሰማዩ ቢጠራ ተራራው ዞሮብሻል።

ባለ ግመሉን፦

ግመልህን ሳበው፣ አንተ ባለ እንጨቱ፣
አሸዋ አይምሰልህ፣ ውሃ ነው መሬቱ።

ልጅቷን ያስወጣኋት እኔ ራሴ ነኝ፤ ይህን አልደብቅም፦

ቀይ ሻሽ ያሰርሽው፣ ይብቃሽ ያ ጨዋታ፣
እናትሽ ቆማለች ከዳሩ ላይ ፈርታ።

አዝማቹ ግን የሀሊማ ነው። «ውጡ ማንም ይላል» አለችኝ። «ከላይ ያሉት ገበሬዎች ውሃው ሲወርድ የሚጣሩትን አድርጊበት። ቢሻን ዱፌ! ውሃ መጣ! እሱን ስትደርሺ ደግሞ እንዳትዘፍኚው። እጅሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ጥሪው። እውነቱን ጥሪው።»

የደረሰብን መዓት ሁሉ ከዚች ምክር ነው የመጣው።

ቅዳሜ ደረሰ። የሀሊማን ጫማ አድርጌያለሁ፤ በአንድ ጣት ይሰፋኛል። ሀሊማ የዘይት ቆርቆሮ ከበሮ አድርጋ ይዛ አብራኝ ቆማለች። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ የፊተኛው ወንበር ላይ ፈረንጆችና ሹማምንት፣ ከኋላ የእኛ ሰዎች፣ በሩ ላይና ደጁ ላይ ደግሞ ቦታ ያጡት። በስተኋላ ያሉት መስኮቶች ወደ ደቻቱ ነው የሚያዩት፤ ከሙቀቱ የተነሳ ሁሉም ተከፍተዋል። ከታች ገበያው ቆሟል።

ከእኔ በፊት አንድ ጸሐፊ የባቡር ጣቢያውን ስዕል በአኮርዲዮን ዘፈነው። የመለየት ዘፈን ነበር፤ ጭሱ እንኳ የሚያለቅስ አስመሰለው። ጎበዝ ነበር፤ ለሰው የሚገባውን አልነፍግም። አንድ አስተማሪ ደግሞ ስለ ማንጎ ዛፍ ጀምሮ ወረቀቱ ከእጁ ስለ ወደቀ እዚያው ቀረ።

ተራዬ ሲደርስ ሦስቱ ዳኞች ስም ጠየቁኝ። አንዱ ግራዝማች ናቸው፤ ነጭ ጺም፣ ወፍራም መነጽር። «ገጣሚው ማን ተብሎ ይጻፍ?»

«እኔና ሀሊማ፣ ከኋላችንም የሚቀመጡት።»

«አንድ ስም ነው የሚጻፈው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው መጋዘኑ ይጻፍ» አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔ ቀልዴን አልነበረም።

ዘፈንኩ። የሽንኩርት ሻጯን ስዘፍን ጸጥ አሉ። የባለ ግመሉን ስዘፍን እግሮች ምት መምታት ጀመሩ። ልጅቷ ጋ ስደርስ እኔም አዳራሽ ውስጥ መሆኔን ረሳሁ፤ ዓይኔ ያቺ ግራጫ ላይ ነው። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ ከሆዴ፣ ተጣራሁ፦

«ውጡ! ውጡ! ቢሻን ዱፌ!»

ከኋላ አንዲት ሴት ብድግ አለች። ልጇን በጀርባዋ እንኳ ሳታዝል፣ በብብቷ ይዛ በሩን አለፈች። ተከታትለው ተነሱ። መስኮቱ ላይ የነበሩት ወደ ታች ተጣሩ፤ ገበያው ውስጥ ያሉት ተቀባበሉት፤ «ቢሻን ዱፌ! ዳድ! ጎርፍ!» በየቋንቋው። ሀሊማ ደግሞ ቆርቆሮዋን መምታት አላቆመችም። በመስኮቱ ሳይ ግመሎቹ ሲጎተቱ፣ ሽንኩርት እንደ ጠጠር ሲንከባለል፣ አንድ ሽማግሌ ምንጣፉን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ሲሮጥ አየሁ። ፊት የተቀመጡት ፈረንጆች የዘፈኑ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ደቻቱ ደረቅ ነበር። ደረቅ እንደ ሆነም ዋለ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተበርግዶ አዴ ከድጃ ገባች፤ በከተማው የታወቀች ሽንኩርት ሻጭ ናት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ አቧራ ነው።

«ማናት? ማናት ቢሻን ዱፌ ያለችው? ሽንኩርቴን ግመል ረገጠው!»

«ስዕሉ ላይ ነው እኮ፣ አዴ» አለች ሀሊማ። «ስዕሉ ላይ ነው የተዘፈነው።»

«የምን ስዕል?» ዞር አለች። ስዕሉን አየች፤ ቀረበች። «አቦ! ይኼ የኔ ሽንኩርት ነው! ይቺ ወፍራም እኔ ነኝ እንዴ?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዴ ከድጃ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ እንደ እኔው ወደ ላይ ሄደና ጥጉ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ዳኞቹ ዞረች። «ይኼን አይቼ ቢሆን እኔም እወጣ ነበር» አለች። «ልጅቷን አትንኳት።»

ግራዝማቹ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ድምፅሽ ሸጋ ነው፣ ልጄ። ውድድሩ ግን ስዕሉን አይቶ መድረስ ነው። እዚህ ላይ ጎርፍ የት አለ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይኼ ቆሻሻ ነው እንጂ።»

«ለእርስዎ ቆሻሻ ነው፣ ጌታዬ። አሸዋው ላይ ለተቀመጠ ሰው ደመና ነው።»

«እሺ። እናቲቱስ? እናትሽ ቆማለች ብለሻል። ዳሩ ላይ ድንጋይ ነው ያለው። እናት የለችም።»

«ሰዓሊው ሙሴ ረስተዋት ይሆናል እንጂ፣ ሳትኖር አትቀርም» አልኩ። ሰው እንደገና ሳቀ።

ሰዓሊው ተጠራ። ቀይ ሰው ነው፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠው። ግራጫዋን ሲያሳዩት አፈረ። አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረና በተሰባበረ አማርኛ «ይቅርታ፤ እኔ... ጣት» አለ። ቀለሙ ሳይደርቅ ስዕሉን ሲሸከም አሻራው አርፎበት ነው።

ጣት! ሳቁን አልነግራችሁም። የስፌት መኪናውን ባለ አኮርዲዮኑ ወሰደ። የተደረሰው ዘፈን ከስዕሉ ጋር አይሄድም ተብሎ እኔ ከስምንቱ ስምንተኛ ወጣሁ፤ ማንጎው ላይ ቃል ጠፍቶት የቀረው አስተማሪ እንኳ በለጠኝ።

ስወጣ አላለቀስኩም። እናቴ ደጅ ግድግዳ ተደግፋ ነበር፤ ሰው ሲተራመስ አቧራው ቀስቅሶባት ታስላለች። እሷን ሳይ ነው ያለቀስኩት። ሀሊማ ሦስት ማንጎ ገዝታ መጣች፤ መንገድ ዳር ተቀምጠን ጭማቂው በክንዳችን እየወረደ በላን። «ጣት ነው ይበል» ትላለች ሀሊማ አፏ ሞልቶ። «ያ ሁሉ ሰማይ እያለለት ጣቱን ደንገጎ ላይ ማን አሳረፈው?» እኔም እስከ ዛሬ ይህንኑ እጠይቃለሁ።

ማንጎውን ሳንጨርስ አዴ ከድጃ ከተፍ አለች። ሽንኩርቷን ልታስከፍለኝ መስሎኝ ተነሳሁ። እሷ ግን እናቴን ነበር የምታየው።

«ይቺ ሳል የቡና ናት» አለቻት። «ነገ ወደኔ ነይ። ከጎኔ ትቀመጫለሽ፤ ቲማቲም ትሸጫለሽ። አየር አለ። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ተራራ የሚያይልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ወገቤ አልዞርም ብሎኛል።»

እናቴ ሄደች። አቧራው ቀስ በቀስ ከደረቷ ወጣ፤ አሥራ አንድ ዓመት ቲማቲም ሸጠች፣ ተራራውን እያየች። እኔ አራት ዓመት ተጨማሪ ቡና ለቀምኩ፤ የስፌት መኪናዋም፣ ያገለገለች ብትሆንም፣ በኋላ ከባሌ ጋር መጣች። አሸዋው ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ ዘፈኑን ለሥራ ያዙት። መጀመሪያ በእኔ ለመሳቅ ነበር። በኋላ ግን ተራራው ጠቆር ሲል፣ ከላይ በኩል ያለችው ትጀምራለች፣ ቀጥላ ያለችው ትቀበላለች፣ እንደዚያ እየጣሉትና እየተቀበሉት እስከ ታች ይወርዳል። ከውሃው ይቀድማል።

ማክሰኞ ዳሩ ላይ ስደርስ ሰናይት መካከል ላይ ነበረች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አሸዋ ላይ ቤት ሠርተው በአንድ እግር ይዘላሉ። ቦርሳዎቹ ተከምረዋል። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም። ከተማ ያስሮጥኩበት ጉሮሮ ለልጄ ስም አልሆን አለኝ። እጄን አወዛወዝኩ፤ ጀርባዋን ነው የሰጠችኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ያኔ ከላይ በኩል ሰማሁት። ቀጭን፣ ሩቅ። «ባለ ሽንኩርት እቴ፣ ምን ያስቀምጥሻል...» ቀጥሎ ቅርብ፤ ወፍራም የሴት ድምፅ። ቀጥሎ ከጎኔ አንዲት ሙዝ ሻጭ፣ ሙዟን ወደ ቅርጫት እየከተተች፣ ያለ ምንም ድንጋጤ፤ «ውጡ፣ ውጡ፣ ቢሻን ዱፌ!» ሰናይት ቀና አለች። ቦርሳዋን አነሳች። ጓደኞቿን ጎተተች። እንደ እኔ አልሮጠችም፤ በልማድ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ወጣች።

«እማዬ! ያለ ነጠላ? ሰው ምን ይላል?»

አቀፍኳት። አጠገባችን ውሃው መጣ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ዕለት የመጣው ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር። ቡናማ ምላስ ብቻ፤ ጥቂት ቅጠል ይዞ በእርጋታ አለፈ።

«ለዚች ነው?» አለች ልጄ።

«ለዚች ነው» አልኳት። «ዘፈኑን ማን አስተማረሽ?»

«ማን ያስተምረኛል? ሁሉም ያውቀዋል። የደቻቱ ነው እኮ።» ጫማዋን እያጠለቀች ማንጎራጎር ጀመረች። የልጅቷ ግጥም ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፣ እጅግ ደስ አላት፣ ጣቷን ቀሰረችብኝ፤ «እናትሽ ቆማለች ከዳሩ ላይ ፈርታ!» ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የቆምኩበትን ለማየት ወደ ታች ተመለከትኩ።

ግራዝማቹ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ቢኖሩ እዚያ ወስጄ ባሳየኋቸው። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ነበርኩ።